ከማሳ ማሳ የዞረችው ገጀራ

ዛሬ ተሰብስበን የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ከሙዝ አምራቹ አባታችንና ሙዝ በመቸርቸር ካሳደጉን እናታችን፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ቆርቆሮ ቤት፣ የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታችን በወገብ ሕመም ስለተኙ ደብተራቸውን አስቀምጠው ገጀራ ያዙ። እውነቱን ለመናገር በሒሳብ ሰነፍ ነበሩ፤ ራሳቸውም አይክዱም ነበር።

በአንድ ግንድ ዙሪያ ከሚበቅሉት ቡቃያዎች የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚቆረጥ በመለየት እጃቸው የተመሰከረለት ስለነበረ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያልተጠሩበት ማሳ አልነበረም። የሰው ገጀራ አይነኩም፤ የራሳቸውን ስለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይዞራሉ። በሙዝ አምራቾች ማኅበራችን ማሸጊያ ቤት ሙዝ ያጥቡ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ያፈሩ ሲሆን፣ ባለቤታቸው፣ እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ፣ የመጀመሪያዋ ገጀራይቱ ናት እያሉ ያስቁን ነበር።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሙዙን የሚያጠወልግና ፍሬውን ከውስጥ የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመንደሩ ማሳ ግማሹ ተነቀለ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመጣ የነበረው የጭነት መኪና በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሆነ፤ ማሸጊያ ቤቱም ተዘጋ። ከውሃው ነው፣ ከማዳበሪያው ነው ሲባል፣ ወንድሜ ማሳዎቹን በታመሙበት ተራ ቢጽፏቸው፣ እሳቸው ሊቆርጡ የገቡበት ተራ ሆኖ አገኙት። ለካ በሽታው ከግንድ ወደ ግንድ የሚሻገረው በገጀራቸው ስለት ላይ ኖሯል! የወረዳው ግብርና ባለሙያም መርምራ አረጋገጠችላቸው። ከመንደሩ ሰው ገና ማንም ሳይጠረጥራቸው፣ በማኅበሩ ስብሰባ መካከል ተነሥተው፣ ያዳረስሁት እኔ ነኝ አሉ።

የተሳደበም፣ ያለቀሰም ነበረ። ከሁሉ የከፋሁት ግን እኔ ነበርሁ፤ ማሳዬ አንድ ግንድ ሳይቀር ተነቅሎብኝ ነበርና ዓይናቸውን ላፈር ብዬ በሬን ዘጋሁባቸው።

ከዚያ በኋላ በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ በባልዲ ተሸክመው፣ ገጀራ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት እንዲነከር በየማሳው እየዞሩ አስተማሩ። ጋሽ በረኪና የሚል ስም ወጣላቸው፤ ሲጠሩበትም ያለ ቅሬታ አቤት ይሉ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለውን ሁሉ ደጋግመው ለመኑ። የእኔን አጥር አላለፉም፤ ንጹሕ ችግኝ ደጄ ላይ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር። ተከልሁት፤ ፍሬውንም ሸጥሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ ግን አላልሁም። ዛሬ መኪናው በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፤ ማሸጊያ ቤቱ ግን እስካሁን እንደተዘጋ ነው።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም ዓመት ያህል ሲታከሙ ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርተን ተለያየን። ትናንት ጠዋት በቤታቸው ዐረፉ።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ይቅር ካልኋቸው ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን በቁማቸው አልነገርኋቸውም፤ አፌን የያዘኝ እልህ ብቻ ነበር። ፈጣሪ ለእሳቸው ዕረፍትን፣ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ፤ እኔንም ይቅርታውን አይንፈገኝ። አሜን።