ራዲዮ ላይ ያለቀሰችው ልጅ

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ በስልኳ ድራማ ታያለች። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ ጎንበስ ብለው አብረዋት ማየት ጀመሩ።

«ይቺ ደግሞ ማናት ልጄ?»

«ዋናዋ ተዋናይ ናት እትዬ። ሊያገባት የመጣውን ሀብታም አባራ የራሷን ድርጅት ከፈተች።»

«ጎሽ! በእኛ ጊዜ በራዲዮ ድራማ የምንሰማት አንዲት ልጅ ነበረች። ያለ ዕድሜዋ ሊድሯት ሲሉ ታለቅሳለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተዳረች።»

«ዝም ብላ? ታዲያ እሷ ምኗ አርአያ ይሆናል?»

«እኔም ተናድጄባት ነበር። አባቴ ግን ድራማው አንድ ቀንም አያመልጣቸውም ነበር። እሷ የተዳረች ዕለት ራዲዮውን ዘጉና ወጡ።»

«ምን ሆነው?»

«እኔንም ለጥር ሊድሩኝ ቃል ሰጥተው ነበራ! በነጋታው ማልደው ሊያገባኝ የነበረው ልጅ ወላጆች ቤት ሄዱ። ‹ልጄ ትማራለች፤ ይቅር በሉኝ› አሏቸው። ዘመድ ሁሉ አኮረፋቸው፤ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።»

«እርስዎስ ተማሩ?»

«ሞላሌ ከተማ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስንቱን ልጅ በእጄ ተቀበልኩ፣ ያቺን ልጅ እያመሰገንኩ።»

ተማሪዋ ስልኳን አጠፋች።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ረሳሁት። አባቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ ‹ያቺ ልጅ እንዴት ሆና ይሆን?› ይሉኝ ነበር።»

እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ፣ ለማላውቃቸው ሰውዬ በልቤ ነፍስ ይማር አልኩ።