እናቱን በክብር ያስቀመጠ ሰው

ልጄ ነጅማ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ የዛለ ጡንቻንና የተያዘ ጉልበትን በእንቅስቃሴ ታክማለች። እኔን አባቷን ሸረፈዲንን ደግሞ፣ ስኳር አለብህ ከተባልኩ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ከአልጋዬ አንሥታ ወደ እንጦጦ ታወጣኛለች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ሳስተምር ተራራን በካርታ ላይ በጣቴ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ ላይ ብዙ አጉረምርሜአለሁ። አሁንም ማጉረምረሜን አልተውኩም፤ ግን እያጉረመረምኩ እሄዳለሁ።

ያን ቅዳሜ ኅዳር ጽዮን መዋሉን እኛ ልብ አላልንም ነበር። ከጫካው መንገድ ወጥተን እንጦጦ ማርያም አጠገብ ስንደርስ ነጭ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። ከበሩ ወዲህ በአጥሩ ጥግ ምጽዋት የሚጠብቁ ነዳያን በረድፍ ተቀምጠዋል። በበዓል ቀን ችግረኛን አይቶ ባዶ እጅ ማለፍ በየትኛውም ሃይማኖት ደስ አይልምና እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። በረድፉ መጨረሻ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ የተከናነቡ አንዲት አሮጊት እግራቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ቁራሽ ዳቦና ጥቂት ብር አለ። የእኔንም ልጨምር ጎንበስ ስል ነጅማ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«አባ! እማማ ለተጊዮርጊስ አይደሉም እንዴ?»

እሳቸው ነበሩ። ሲ.ኤም.ሲ ውስጥ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለው የባለ ፎቁ ቤት እመቤት፣ የግንባታ ዕቃ አስመጪው የየማነ እናት። የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ የማነ ከዚሁ ከእንጦጦ ጀርባ ከነበረው የገብስና የድንች ማሳቸው አውርዶ ሲያመጣቸው ሰፈሩ ሁሉ አጨብጭቦለታል። «ከእንግዲህ እጅሽ ዕቃ አይነካም፣ እግርሽም አቧራ አይረግጥም» ብሏቸው ነበር፤ ቃሉንም ጠብቋል። ሁለት ሠራተኞች ቀጠረላቸው፤ ሳሎን ውስጥ ለስላሳ ወንበር አኖረላቸው፤ የካ ሚካኤል ለመሳለም እንኳ ሾፌር ያዘዘላቸዋል። እናቶች ልጆቻቸውን ሲገሥጹ «እንደ የማነ ሁኑ» ይሉ ነበር።

አሁን ብሩን እንደያዝኩ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ልስጥ ብል ስድብ ነው፤ ልመልስ ብል ያየሁባቸው ይመስላል። እንደ ተማሪ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«መምህር፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ስሜን ጮክ ብለው አይጥሩት» አሉኝ በሹክሹክታ። «የማነ መኪናውን ሊያቆም ሄዶ ነው። እስክመጣ አጥሩን ተደግፈሽ ቁሚ አለኝ። ቆምኩ፤ እግሬ ከዳኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ መነሣት አቃተኝ። አንዷ ዳቦ ስታኖርብኝ ለማኝ አይደለሁም እንዳልላት እነዚህን ከጎኔ ያሉትን ማስቀየም መሰለኝ። ፊቴን ሸፈንኩ። ስሸፍን የባሰ መጣ።»

በዚህ መካከል የማነ ከሱፍ ልብሱ ላይ ነጠላውን ደርቦ፣ ከመኪናው እስከዚያ ያለችው አጭር ዳገት ትንፋሹን ቆርጣው ደረሰ። እናቱን አየ፤ ጭናቸው ላይ ያለውንም አየ።

«ማነው እናቴን ለማኝ ያደረጋት?» ብሎ ጮኸ። አላፊው ሁሉ ዞሮ ተመለከተ። ዳቦውን አንሥቶ ሊወረውር ሲል እማማ ለተጊዮርጊስ እጁን ያዙት።

«ተው! የሰጠኝ ሰው በቅን ልቡ ነው የሰጠኝ። ከእኔ ላይ አንሥተህ ለነሱ አድላቸው።»

የማነ ጎንበስ ብሎ ማደል ጀመረ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ከነዳያኑ አንዷ ዳቦዋን ተቀብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ። እናትህን ይማርልህ ልጄ፣ እግሯን ከተያዘች ስንት ዘመኗ ነው?» ብላ ጠየቀችው። የማነ ቀሪውን ብር ለምትቀጥለዋ ሰጥቶ ወደ እናቱ ዞረ። እኔና እሱ በግራና በቀኝ ገብተን እማማን አንሥተን፣ እግራቸው መሬት እየሳበ፣ ወደ መኪናው ወሰድናቸው።

ባሕር ዛፎቹ ሥር የመኪናውን በሮች ከፍተን ተቀመጥን። የማነ፣ «ሰኞ ተሽከርካሪ ወንበር እገዛለሁ» አለ። «ከሁሉ የሚሻለውን። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ውርደት አያገኛትም።»

«ጋሽ የማነ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልናገር» አለች ነጅማ።

«ተናገሪ እንጂ።»

«ወንበሩን አይግዙ። እግራቸው ሽባ ቢሆን ኖሮ አብሬዎት ሄጄ እመርጥልዎ ነበር፤ ለሚያስፈልገው ሰው ወንበር እግር ማለት ነው። ለእማማ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። አንዴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ዳግመኛ አይነሡም። ለመሆኑ ሐኪም ቤት ሲወስዷቸው ምን አሏችሁ?»

«ስብራት የለባትም፣ ነርቯም ደህና ነው፣ ትንቀሳቀስ አሉኝ። ያን ሁሉ ምርመራ አድርጎ መድኃኒት ሳይጽፍ ‹ትንቀሳቀስ› የሚል ሐኪም ምን ሐኪም ይባላል? ሌላ ዘንድ ወሰድኳት።»

«ሌላውስ?»

«እሱም ያንኑ አለ» አለ የማነ ሳይወድ። «ግን ቫይታሚን ጽፎልናል።»

ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። የሚዋጥ ነገር ያላዘዘ ሐኪም እንዳላከመ የምንቆጥረው ብዙዎች ነን። ክኒን በእጃችን እናየዋለን፤ በእግር መሄድን ግን ማንም አስታሽጎ አይሰጠንምና ዋጋ ያለው አይመስለንም።

«ደግሞስ» አለ የማነ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ተንቀሳቅሳ የለም ወይ? ድንች ተሸክማ ይህን ቁልቁለት ወርዳ፣ ሽቅብ ተመልሳ ነው እኔን ያስተማረችኝ። እንቅስቃሴ ጤና የሚሰጥ ቢሆን የሷ ለልጅ ልጆቿም በተረፈ። ይበቃሻል፣ አሁን እረፊ ማለቴ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

«ሸክሙን ከጀርባቸው ማውረድዎ ጽድቅ ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ወገብ ይሰብራል እንጂ ጤና አይሆንም። ነገር ግን ከሸክሙ ጋር እርምጃቸውንም ወሰዱባቸው። እንቅስቃሴ ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ለክፉ ቀን አይቀመጥም። የአምና ምሳ የዛሬን ረሃብ ያስታግሳል? ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ይሟሽሻል፤ በአዛውንት ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ጡንቻ ሲደክም ሚዛን ይጠፋል፣ ስኳሩም የደም ግፊቱም ለመባባስ ይመቻቸዋል። ሕፃን ሮጦ ይደግ፣ ጎልማሳ ከወንበሩ ይነሣ፣ አሮጊትም በአቅሟ ትራመድ የምንለው ለዚህ ነው። ጡረታ ከሥራ ነው እንጂ ከእግር ጡረታ የለም።»

«ብትወድቅስ? በዚህ ዕድሜ አንድ ጊዜ ዳሌዋ ቢሰበር አለቀ።»

«ፍርሃትዎ እውነት ነው፤ ብቻቸውን ደረጃ ይውጡም አላልኩም። ግን ዛሬ የወደቁት እየሄዱ ነው? ቆመው እርስዎን ሲጠብቁ እኮ ነው። እግር በጠነከረ ቁጥር የመውደቅ አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።»

የማነ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ ሸረፈዲን፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። እኔ ልጇ መኪና እያለኝ እናቴ በእግሯ መንገድ ለመንገድ ስትሄድ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?»

ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ወጣ። ስብራቱም ቫይታሚኑም ዙሪያ ጥምጥም ነበር፤ መሐሉ ይሉኝታ ነው። ይህ በሽታ እኔንም ሳያውቀኝ አልቀረም፤ ስለዚህ ፈጥኜ አልፈረድኩበትም።

«የሰው አፍ በምን ይከደናል?» አልኩት። «ቢሄዱ ያማሃል፤ ዛሬ ደግሞ ባይሄዱ ዳቦ ሰጣቸው።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ መረር እንዳለ ታወቀኝ። የማነ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ከኋላው ወንበር እማማ ለተጊዮርጊስ ተናገሩ።

«የማነ፣ እስካሁን ያልነገርኩህ ነገር አለ። እኔ ከሰዓት በኋላ ውሃ አልጠጣም።»

«ለምን?» አለ ደንግጦ።

«ሽንት ቤት ለመሄድ ልጅቷን መጥራት አለብኛ። አንሥታ ታደርሰኛለች፣ ታስቀምጠኛለች፣ ደግሞ ታነሣኛለች። ቀሚሴን የምትሰበስብልኝ እሷ ናት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ገላዬን ሰው አይቶት የማያውቅ ሴትዮ፣ የልጅ ልጄ በምትሆን ልጅ ፊት እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። አፍራለሁ። ስለዚህ ጥሙን እችለዋለሁ።»

አንዴ ጀምረዋልና ቀጠሉ።

«ሠራተኞቹን ጎመን ልክተፍላችሁ ስላቸው ‹ጋሼ ይቆጣናል› ብለው ቢላውን ከእጄ ይወስዳሉ። ጓሮ ልውጣ ስል ብርድ ይመታሻል ትለኛለህ። አክብረኸኛል፣ ይህን አልክድም፤ ያከበርከኝ ግን እንደ ሳሎን ዕቃ ነው። አቧራዬ ይራገፋል፤ ከቦታዬ አልነቃነቅም። እንዳልነግርህ ደስታህን አየሁ። ሰው ሲመርቅህ ፊትህ ይበራ ነበር።»

የማነ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አለቀሰ። በሰፈራችን ታላላቅ ኮንትራክተሮችን ሲያንቀጠቅጥ የማውቀው ሰው ትከሻው ሲነቃነቅ ሳይ ፊቴን ወደ ዛፎቹ መለስኩ።

«ምርቃቱን እኔ ተቀበልኩ፤ ዋጋውን እሷ ከፈለች» አለ በመጨረሻ። «አሁንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ። ነጅማ፣ ጊዜው አላለፈም?»

«አላለፈም። በአንድ ጀንበር አይሆንም፣ የወጣት እግርም አይመለስላቸውም። ግን በራሳቸው ተነሥተው ሽንት ቤት እንዲገቡ ማድረግ እንችላለን ብዬ አምናለሁ። ከፈቀዱ አሁኑኑ እንጀምር።»

ልጄ ከእማማ ፊት በርከክ አለች። ወደ ወንበሩ ጫፍ ሳብ እንዲሉ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ እንዲያደርጉ፣ ደረታቸውን ወደ ፊት እንዲያዘነብሉ አሳየቻቸው። እማማ ገና ሲቁነጠነጡ የየማነ ሁለት እጆች ብብታቸው ሥር ገብተዋል።

«እጅዎን ይሰብስቡ፣ ጋሽ የማነ» አለች ነጅማ። «ከጎናቸው ይቁሙ እንጂ አያንሷቸው።»

ለእሱ ይህ ከባድ ነበር። እማማ ሞከሩ፤ ከወንበሩ ጥቂት ተነሥተው ተመልሰው ወደቁ። የማነ ከንፈሩን ነከሰ። ዳግም ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ የመኪናውን በር ጨብጠው ቀጥ ብለው ቆሙ። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መሄድ አልቻሉም። ከዚያው ሆነው ወደ እንጦጦ ማርያም ዞረው አማተቡ፤ ከዚያ ላብ ላብ እያላቸው ተቀመጡ። የማነ ወንበር ስለመግዛት ዳግመኛ አላነሣም።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሐኪም ልባቸውንና የደም ግፊታቸውን አይቶ ፈቀደ። ከዚያ ከየማዕዱ በፊት ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ሆነ ሥራቸው፤ ሲለምዱት ቆመው ጎመን ማጠብ፣ ቀጥሎ አጥር እየያዙ ግቢውን መዞር። ሠራተኞቹ ቢላውን መለሱላቸው። የከፋቸው ቀን ነበር፤ ጉልበታቸውን እየረገሙ ነጅማን ያባረሩበት ቀንም ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ከዘራ ይዘው በራሳቸው ሽንት ቤት መግባት ጀመሩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ውሃ በትልቅ ብርጭቆ አስቀድተው በየማነ ፊት ጠጡ። እንቅልፋቸው ተስተካከለ፤ የደም ግፊታቸው ረገብ አለ፤ ከሁሉ በላይ ሳቃቸው በአጥር ላይ ወደ እኛ ግቢ መሻገር ጀመረ። የማነም አብሮ መሄድ ግድ ሆኖበት ዳገት ላይ ማለክለኩ ቀነሰለት። ጥቅሙ ይህን ያህል ነው፤ ወጪው ደግሞ አንድ ከዘራ።

ይሉኝታ ግን እንደ ጉልበት ቶሎ አይድንም። ባለፈው ሳምንት የማነና እናቱ ከጉሊት ሲመለሱ ታክሲ መጠበቂያው ጋ አገኘኋቸው። እማማ ከዘራቸውን በአንድ እጅ፣ የጎመን ፌስታል በሌላው ይዘዋል። የሰፈራችን አንዲት ወይዘሮ ከሰልፉ መሐል ሆነው፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «የማነ፣ ደህና አይደለህም እንዴ? ንግዱ ምን ሆነ? እናትህ በዚህ ዕድሜያቸው ሸክም ይዘው በእግር! መኪናው ተሸጠ ወይ?» አሉት።

ሰልፈኛው ሁሉ አየው። የማነ እንደዚያ ቀን እስከ ጆሮው ቀላ። ዝም ብሎ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

«መኪናው ግቢ ቆሟል፣ እትዬ» አለ። «እናቴን አምስት ዓመት ሙሉ አስቀምጬ እግሯን ስወስድባት ሁላችሁም መረቃችሁኝ። ሊታፈርብኝ የሚገባው ያኔ ነበር።»

ይህን ብሎ ፌስታሉን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። እማማ አልሰጡትም።