የተፈተገው የብር ዶላር

በአሜሪካዋ ዱቡክ ከተማ የጥንት ሳንቲም ገበያ በቆመበት ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ጎራ ብል፣ ጎረቤቴ አቶ ዌንዴል አንድ ጥግ ተቀምጠው የመጋገሪያ ሶዳ በነካ ጨርቅ ከብር የተሠራ የጥንት የዶላር ሳንቲም ይፈትጋሉ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ የእኅታቸው ልጅ ሎረል ደረሰችና እጃቸውን ቀጨም አደረገች። ሎረል የጥንት ሳንቲም መርምሮ ደረጃ ማውጣትን የተማረች ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ በእግዚአብሔር! የሚፈትጉት የእናቴን ሳንቲም ነው?»

«ይሄስ የኔው ነው። ያንቺ ተራው ገና ነው።»

«ተራው አይደርስም! እናቴ የተወችልኝ እሱን ብቻ ነው።»

«ጠቁሮ ጥላሸት መስሎ ልስጥሽ? እኛ ለፋሲካ የብር ማንኪያ ስንወለውል ያደግን ሰዎች ነን።»

«በማንኪያው ይበሉበታል። በዚህም ሊበሉበት ነው?»

«ምላስሽ ረዘመ! ትምህርት ቤት ይህንን ነው ያስተማሩሽ?»

ሽማግሌው ደማቸው ፈልቷል፤ ልጅቷም እጃቸውን አልለቀቀችም። እኔም ተናደድሁ፤ የጥንት ዕቃ ከሌባ ይልቅ በንጹሕ ሰው እጅ ሲጠፋ ማየት ያንገበግባል።

ሎረል የተፈተገውንና ከጎኑ የነበረውን የእናቷን ሳንቲም መብራት ሥር አጋድማ አጉሊ መነጽሯን ሰጠቻቸው። «በአንድ ዓመት የታተሙ፣ ከአንድ ሣጥን የወጡ ናቸው። ይመልከቱ።»

ሳይነካ የቆየውን ስታዘነብለው ብርሃኑ ከጥቁረቱ ሥር በሳንቲሙ ፊት ላይ ዞረ። የተፈተገው ግን ደርቆ አንጸባረቀ፤ ገጹን ድመት የቧጨረችው ይመስላል።

«ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። ሲፈትጉ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን ብሩንም ይልጣሉ። ሐሰተኛ ሳንቲም የሚሠሩትም ጉድለታቸውን ለመሸፈን እንዲህ ይፈትጋሉ፤ ስለዚህ እውነተኛው ራሱ ይጠረጠራል።»

አቶ ዌንዴል አጉሊ መነጽሩን አስቀመጡ። ቀጥለው፣ «ጠዋት አንዱ ነጋዴ የፈተግሁትን ሳንቲም አገላብጦ ሳይገዛ የመለሰልኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ሰደብሁት!» አሉ።

«ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይሄ ነው» አልኋቸው።

«አንተ ደግሞ! ዕድሜዬን ሙሉ ስፈትግ እያየህ ዛሬ ተረት ትተርትብኛለህ? ጎረቤት ነህ?»

ቁጣቸው ተገቢ ነበር። ያልተፈተገ ሳንቲም ለመርማሪ ይመሰክራል፤ መርማሪውም ክብደቱን መዝኖ፣ ጭረቱን አይቶ፣ እውነተኛነቱንና ደረጃውን ይወስናል። ገዢ አይታለልም፣ ሻጭ አይጠረጠርም፣ ወራሽም አባቶቹ የያዙትን ያንኑ ይይዛል። ፈትጎ ማሳመር ይህን ሁሉ ያሳጣል።

አቶ ዌንዴል ጨርቁን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወሩት። የእኅታቸውን ሳንቲም በሁለት ጣት አንሥተው ለሎረል አቀበሏት። ልጅቷ በደስታ መዳፏ ውስጥ ልትጨብጠው ስትል፣ አዳራሹ ዞሮ እስኪያያቸው ጮኹባት፦

«ጠርዙን ያዢ እንጂ! ፊቱን እንዳትነኪው!»