ጣቶቹ የቆሙበት ገጽ

«እኔ እንደ ሌሎቹ እየሰረዝኩ እየደለዝኩ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይሄ ሁሉ ገጽ ሲጻፍ አንዲት ቃል አልተሰረዘችም» አለች ልጅቷ፣ የልብ ወለዷን ረቂቅ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ።

ይህን የምትለው ለማታውቃቸው ሴት ነው። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ዝናብ አባሯቸው ፀጉር ቤቱ ገቡና፣ ከገባሁ አይቀር ብለው ጭንቅላታቸውን ለልጅቷ አክስት አስረከቡ። አክስትየው የቤቱ ባለቤት ናት። ልጅቷ ትምህርቷን ካቋረጠች ወዲህ ከእሷ ጋር ትሠራለች፤ ፀጉር ታጥባለች፣ ወለል ትጠርጋለች፣ በተረፋት ጊዜ ትጽፋለች። እውነቱን ለመናገር፣ የተረፈው ጊዜ የሚደርሰው ለወለሉ ነው።

ነገሩ ሲጀመር መምህርቷ «የታቀፍሽው ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ቢጠይቁ ስትጠብቀው የነበረውን በር ከፈቱላት።

«ነገ ጠዋት ለአሳታሚው አርታኢ የማስረክበው መጽሐፌ ነው» አለች።

«መልካም። ከለስሽው?»

«ለምን ብዬ? ከልቤ እንደወጣ ነው ያለው። ከልብ የወጣ ነገር ከተነካካ ወዙ ይጠፋል።»

«ፀጉሬም ከገዛ ራሴ ነው የወጣው። ሳላበጥረው ግን ሰው ፊት አልቀርብም።»

አክስትየው ሳቋን ዋጠች። ልጅቷ ግን በዋዛ እጅ የምትሰጥ አይደለችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አርታኢው ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? ስህተት ካለው እሱ ያርመዋ። ደሞዝ የሚበላው ቁጭ ብሎ ሊያደንቀኝ ነው?»

«የማይሆን መስሎ ከታየውስ፣ አርመሽ መልሰሽ ትወስጂለታለሽ?»

የልጅቷ ድምፅ ወረደ። የአርታኢው ጸሐፊ ቁርጡን ነግራታለች። «የለም። አንዴ ከመለሱት ሁለተኛ አያዩትም።»

«እንግዲያው ያንን በር የምታንኳኪው አንድ ጊዜ ነው። ፊትሽን ሳትታጠቢ ልትሄጂ ነው?»

«የኔ መጽሐፍ ታጥቦ ነው የተወለደው። ካላመኑ እትዬን ይጠይቋት። ሥራ ላይ ሆና አነብላታለሁ። ታሪኩ ሲጥማት እጇ እንዴት እንደሚፈጥን ብቻ ይዩት። ጉንጉኑ መቼ እንዳለቀ እንኳ አይታወቅም።»

መምህርቷ በመስተዋቱ ውስጥ አክስትየውን አዩዋት። አክስትየው ማበጠሪያዋን የማታውቀው ይመስል መመርመር ጀመረች።

«እስኪ አንብቢልኝ» አሉ መምህርቷ። «አደራሽን፣ በየመሃሉ ቀና እያልሽ ጣቶቿን እያየሽ።»

ልጅቷ የምትመካበትን ቦታ ገለጠች። ሀብታሙ ጎረምሳ ሰዓት ሠሪዋን ልጅ ለትዳር ሲጠይቅ ስለ ፍቅር የሚናገረውን ረጅም ንግግር አነበበች። የአክስትየው ጣቶች ተፈተለኩ። ልጅቷ «አላልኩም?» በሚል ዓይን መምህርቷን አየቻቸውና ገጾች ዘላ ቀጠለች።

እዚህ ጋ ያለውን የጻፈችው በጥድፊያ ነበር። የተኳረፉ እናትና ልጅ ከታጠበ አንሶላ ጋር ተፋጠዋል። አንሶላውን ለብቻ ማጠፍ አይቻልምና ሳይነጋገሩ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያጥፋሉ። ባጠፉት ቁጥር ይቀራረባሉ። መጨረሻ ላይ ልጅየዋ ጫፏን ለእናቷ ስታቀብል እጃቸው ተነካካ።

ቀና ስትል ማበጠሪያው አየር ላይ ቀርቷል። መምህርቷ ግማሽ ጉንጉን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ? ለምን ቆምሽ?»

«ቀጥይ እንጂ» አለች አክስትየው። «እናትየው እጇን ያዘቻት ወይስ ለቀቀቻት?»

ልጅቷ ፊቷ ጋለ። «ታዲያ ስትፈጥኚስ?»

«ስፈጥንማ ሥራዬን እየሠራሁ ነዋ። ያ ጎረምሳ ሲለፈልፍ እኔ ምሳ ምን እንደምሠራ ነው የማስበው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«እህቴ» አሉ መምህርቷ፣ «እርስዎ ሳስተው የተዉትን አርታኢው አይተውላትም። እሱ ደግሞ የትኛው ገጽ እንዳሰለቸው እንኳ አይነግራትም። እዚህ ቢከፋት እርሳስ ታነሳለች። እዚያ ቢከፋት ግን ምን ታነሳለች?»

የምንወደውን ሰው በዝምታ የምንጠብቀው ይመስለናል። ዝምታው ግን የሚጠብቀው እኛኑ ነው፤ ከኩርፊያ። አክስትየውም ይህ ገብቷት ይመስላል፣ ወንበር በእግሯ ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገችላት።

ልጅቷ እርሳስ ብትፈልግ አጣች። የቅንድብ እርሳስ አነሳችና ከገጽ አንድ ጀመረች። ታነባለች፣ ጣቶቹን ታያለች። በሮጡበት ትሰርዛለች፣ በቆሙበት ምልክት ታደርጋለች። የጎረምሳው ንግግር ሄደ፤ የቀረችው «ታገቢኛለሽ?» የምትለው ብቻ ናት። ጀግናዋ ከአልጋዋ ሳትነሳ አንድ ገጽ የፈጀው የፀሐይ መውጣትም ሄደ። በየስርዙ ሥር የገዛ ታሪኳ ብቅ ሲል እያየች ነው። አክስትየውም አንዴ ተደፋፍራለችና፣

«ቆይ፣ ይሄ የሰዓት ሠሪዋ ወንድም ሞቶ ተቀብሮ የለም እንዴ? እራት ላይ ምን ይሠራል?» አለች።

«አምላኬ፣ ረስቼው። ይሄንን ይዤ ልሄድ ነበር?»

«ርቦት ይሆናላ» አሉ መምህርቷ።

ሦስቱም ሳቁ። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ የመምህርቷም ፀጉር አልቋል። የሚነሳ ግን ጠፋ።

በማግስቱ ልጅቷ ወደ አርታኢው አልሄደችም። የሄደችው ደንበኛ ሁሉ ሰምቶ ከተቸው፣ እሷም ሁሉንም እንደገና ከጻፈችው በኋላ ነው። ልትሄድ በተነሳችበት ቀን የሳሳውን ረቂቅ ይዛ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመችና ቤት ሙሉ ደንበኞችን ትመክር ጀመር። መምህርቷም ከመሃል ነበሩ።

«እህቶቼ፣ መከለስ ማለት ሽንፈት አይደለም። የከለሰ ሰው አንባቢውን አክብሯል። የሞተን ሰው እራት ላይ አያስቀምጥም። ደካማ ገጹን ራሱ ስለሚያገኘው ባዕድ ፊት አያፍርም። የሚወደውን መቁረጥ የቻለ ሰው ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ እንዳለው ያያል። ይህም ለመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ለኑሮም፣ ለሥራም፣ ለትዳርም ቢሆን፣ በመጀመሪያ ደረጃ...»

«ይሄም ረዝሟል» አለች አክስትየው። «ቁረጪውና ቢሮው ሳይዘጋ ሂጂ።»