ማሪሳ ከዳሱ አልወጣም ያለች ለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ሲጋባ ጠባዩ አይደለም የሚጠየቀው፣ ዘሩ ነው። የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አሁን ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ግዴለም። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የወንድሜን የይማምን ልጅ ኑሩን ታውቁት የለ? እሱ በደርግ ጊዜ ገና ልጅ ሳለ ለትምህርት ኩባ ተልኮ፣ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ተምሮ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው ኮምቦልቻ የተመለሰ። ታዲያ ብቻውን አልመጣም፣ የኩባ ሚስት ይዞ መጣ። ማሪሳ ትባላለች። ጥቁር ናት፣ ጥቁር ስላችሁ እንዲያው የሚያበራ ጥቁር፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ከአንገቷ ነጭና ሰማያዊ ዶቃ የማይለያት። እና አማርኛ የተማረችው ከባሏ አፍ ነው፣ እናም ወንድሜን ይማምን፣ አገር ምድሩ አንቱ የሚለውን ሰውዬ፣ "አንተ፣ ና ብላ" ትለዋለች። እኔ በሳቅ ልሞት። እሱ አይስቅም።

ሃይማኖቷን ጠይቄያት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተጠምቃለች፣ ማርያምን ትወዳለች፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ ከአያቶቿ የመጣ አላት። ማለዳ ነጭ ለብሳ፣ በብርጭቆ ውሃ ቀድታ ጠረጴዛ ላይ ታኖርና የሞቱባትን በስማቸው እየጠራች ትጸልያለች፣ ታዜማለች። ዜማው የኩባ ቋንቋ አይደለም አለችኝ። ከአፍሪካ ታስረው በመርከብ የተጫኑት ይዘውት የሄዱት ነው፣ ጌቶቻቸው እየገረፉ ሊያስረሷቸው ያልቻሉት። ታዲያ ሰፈሩ ምን አለ? "ዛር አለባት" አለ። ከጀርባዋ ደግሞ "ኑሩ ባሪያ አገባ" አለ። ቃሉን ሰምታ ኑሩን ጠየቀችው፣ እሱም ደብቆ ደብቆ መጨረሻ ላይ ነገራት።

ከዚያ የኑሩ እህት ዘይነብ ለሐርቡ ሰው ታጨች። ስም ያለው ቤት ነው። ሰርጉ ሲቃረብ የሙሽራው አባት ለይማም ሰው ላከ። "ልጅህ ያመጣት፣ ዘሯ የማይታወቅ፣ ዶቃ የምታመልክ ሴት ከዘመድ መሀል ተቀምጣ ካየናት ጋብቻው ይቅር" ብሎ። ወንድሜስ ምን አደረገ መሰላችሁ? ኑሩን ጠርቶ፣ ሚስትህን ለሰርጉ ሰሞን ደሴ ወስደህ አቆያት፣ ዶቃዋንም አውልቃ ብትመለስ እሰየው አለው። ኑሩ የአባቱን ፊት አይቶ እምቢ ማለት አቃተው፣ ሄዶ ነገራት። ልብስ እየተኮሰች ነበር፣ መተኮሷን ቀጠለች።

የሰርጉ ለት ዳሱ ሞልቷል፣ የሐርቡ ሽማግሎች ከሙሽራውና ከአባቱ ጋር ከፊት ተቀምጠዋል፣ እሷ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዶቃዋን ከላይ አድርጋ ገባች። ገባችና እኛ ሴቶቹ ባለንበት በኩል፣ ከሙሽራይቱ አጠገብ ቁጭ። ይማም መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጄ፣ ዛሬን ብቻ ውጪልን" አላት። ተነሳች። ልትወጣ ነው ስንል ቆማ ቀረች።

"አንተ አባቴ ነህ፣ አከብርሃለሁ" አለችው። "ግን አልወጣም። በአገሬ ነጮቹ ጥቁር ነሽ ብለው ከበር መለሱኝ። አንድ ቀን አፍሪካ እሄዳለሁ፣ እዚያ ሁሉም እኔን ይመስላል እል ነበር። መጣሁ። እናንተ ደግሞ ባሪያ አላችሁኝ። ዘሯ አይታወቅም አላችሁ። አዎ አይታወቅም፣ የሸጡን ሰዎች ስማችንን አልጻፉም። ይሄ ዶቃ የአያቴ ነው፣ እሷም ከአያቷ ነው ያገኘችው። አላወልቀውም።"

የሙሽራው አባት ብድግ አለ። ወደሷ ፊቱንም አላዞረ፣ ለይማም ነው የተናገረ። "አንዱን ምረጥ" አለው። ወንድሜ ሊመልስ ሲል ዘይነብ ቀደመችው። ሙሽራ እኮ ናት፣ በኛ አገር ሙሽራ ቀና ብላ እንኳ አታይም። "እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ" አለች፣ "ወደናንተ ቤት ግን አይደለም።"

ሰዎቹ ተነስተው ሄዱ። ሙሽራው ጥቂት አቀርቅሮ ተቀመጠ፣ የሚቀር መስሎን ነበር፣ ከዚያ እሱም አባቱን ተከተለ። ዘይነብ አለቀሰች፣ ወላሂ ብዙ አለቀሰች፣ ትወደው ነበርና። ማሪሳ በኔ የተነሳ ነው ብላ ከፊቷ ስትሸሽ ዘይነብ ራሷ ሄዳ እጇን ያዘቻትና፣ "እንዲህ ያለ ሰው ነገ እኔንም ትቶ ይሄድ ነበር" አለቻት። ኋላ የኩታበር አስተማሪ አገባች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ትዳር አላት። ወንድሜ ግን ከማሪሳ ጋር ታረቀ ብዬ አልዋሻችሁም። ሰላምታዋን ይመልሳል፣ በቃ ያ ነው።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ሴቶች ተሰብስበን ዱኣ የምናደርግበት ወዳጃ በኔ ቤት ሲሆን ማሪሳን ጠራኋት። አንዷ ጎረቤቴ "እሷ ደግሞ እዚህ ምን ልታደርግ?" ስትል፣ "ያልተመቻት በሩ ያውና" አልኳት። ጎረቤቴም ሳትወጣ ተቀመጠች። እና ዱኣው ለሙታን ሲደርስ እያንዳንዳችን የሞተብንን እናነሳለን። ማሪሳ አያቷን ጠራች፣ የአያቷን እናት ጠራች፣ ከዚያ ስም አለቀባት። ዶቃዋን ጨበጠችና "ስማቸውን የማላውቀው፣ ከመርከብ ባሕር ውስጥ የተወረወሩት" አለች። ያቺው ጎረቤቴ ናት ቀድማ አሚን ያለች። ልጇ ጦርነት ሄዶ ቀርቶ መቃብሩን አታውቅም፣ ገባታ።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ዱኣ ሳደርግ እነዚያን ሰዎች ሳላነሳ አላልፍም። አንድ ሸህ ሰምተው፣ "ሉባባ፣ ዘመድሽ ላልሆኑ፣ ዲናቸውን ለማታውቂው ሰዎች ምን ነክቶሽ ነው?" አሉኝ። "ጥፋት ከሆነ እዚያ ስሄድ እኔው እጠየቅበታለሁ፣ እርስዎ አይጨነቁ" አልኳቸው። ሂ ሂ ሂ። ደንግጠው ሄዱ። እኔም ይኸው አልተውኩም።

"እማማ፣ እኛስ ብናነሳቸው?"

አንሷቸው እንጂ። ማን ይከለክላችኋል?