ቫዮሊኑ ይቁም

ያን ዕለት ረፋድ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው የሄድኩት ስለ ጤና አጠባበቅ የምሰጠውን ሳምንታዊ ትምህርት ልቀዳ ነበር። ለካ ፕሬዚዳንቱ አዲሱን ስቱዲዮ ሊመርቁ መጥተው ኖሯል። ሪባኑ ተቆርጦ ጭብጨባው ሳያበቃ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ከከተማው ዳር ጥቁር ጭስ ተነሣ። የነዳጅ ዴፖው ፈንድቷል።

ፕሬዚዳንቱ ግራ ተጋብተው ወደ ጣቢያው ዳይሬክተር ዞሩ። እኚህ ሽማግሌ ችኮላ ስለማይወዱ ሠራተኞቹ እሳቸው በሌሉበት «ጋሽ ቆይ» ይሏቸዋል።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ይቆዩ። ነገሩ ሳይጣራ መሪ አፉን አይከፍትም» አሉና ያንን የሚያስለቅስ የቫዮሊን ዜማ በሬዲዮው አስለቀቁ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አገሩ ሁሉ የሚሰማው እሱኑ ነው።

ዜና አንባቢዋ የጋሽ ቆይ የወንድም ልጅ ናት፤ የተማረች፣ ደፋርም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሕዝቡ ጭሱን እያየ ነው። እኛ ዝም ካልን ወሬኛው ይናገርልናል።»

«ተናግረን ብንሳሳትስ፣ ልጄ? የመሪ ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም።»

«የምናውቀውን እንናገር፤ የማናውቀውን ደግሞ አናውቅም እንበል።»

«ፕሬዚዳንት አላውቅም ይላል? ጉድ እኮ ነው! ነገ ማን ይፈራዋል?»

«የምንፈልገው እንዲፈሩት ሳይሆን እንዲሰሙት ነው፣ ጋሼ።»

እኔ በልቤ ለልጅቷ አደላሁ። ፕሬዚዳንቱም አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሽማግሌውን ያያሉ።

በዚህ መሀል የእሳት አደጋው አለቃ ደወሉ። ጭሱ መርዝ አለው፤ ከዴፖው በታች ያለው ሰፈር ቤቱን ለቆ አሁኑኑ ወደ ስታዲየሙ ይሂድ አሉ። ጋሽ ቆይ ክው አሉ። ቤታቸው እዚያው ነው። ወዲያው ለባለቤታቸው ደወሉ።

«የት ነሽ?»

«አልጋ ሥር!» የሴትዮዋ ድምፅ ለሁላችንም ተሰማ። «ቫዮሊኑን ሰማኋ! መንግሥት ተገልብጦ የለም እንዴ? ጎረቤቱም ሁሉ በሩን ቆልፏል።»

«ኧረ እባክሽ፣ ቶሎ ውጪ!»

«ቫዮሊኑ እየተሰማ? አብደሃል?» ስልኩ ተዘጋ።

ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ። ለካ አገሩን በር ዘግቶ እንዲቀመጥ ያስለመዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«ቫዮሊኑ ይቁም!» ብለው ጮኹ። «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እባክዎ ይናገሩ! የሚያውቁትን ብቻ። የማያውቁትንም… አላውቅም ይበሉ።»

ፕሬዚዳንቱ ማይክሮፎኑን ሳብ አደረጉ።

«ወገኖቼ፣ የነዳጅ ዴፖው ፈንድቷል። መንግሥት አልተለወጠም፤ እኔ ነኝ የማናግራችሁ። ከዴፖው በታች ያላችሁ፣ አፍንጫችሁን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ አሁኑኑ ወደ ስታዲየሙ ሂዱ። ምን እንዳፈነዳው አላውቅም። ስንት ሰው እንደተጎዳም ገና አላውቅም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የደረስኩበትን እነግራችኋለሁ።»

በሰዓቱም ተመልሰው የደረሱበትን ነገሩን። ሰፈሩ ሳይጋፋ ወጣ፣ ወሬኛው የሚሰማው አጣ፣ ነጋዴውም ሱቁን መልሶ ከፈተ። እውነት በጊዜው ሲነገር ሕዝብ እንደሚረጋጋ ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ቆይና ከዜና አንባቢዋ ጋር ስታዲየሙ ሄደን ባለቤታቸውን በአንድ እግር ነጠላ ጫማ አገኘናቸው። ጋሽ ቆይ እንባቸውን ጠራርገው ሲያበቁ ተቆጡ።

«እኔ ውጪ ስልሽ እምቢ ያልሽ፣ ለእሳቸው እንዴት እሺ አልሽ?»

«አንተ ይሄን ሁሉ ዘመን አላውቅም ብለህ አታውቅም። ሰውዬው አላውቅም ሲሉ ጊዜ፣ የቀረው እውነት መሆኑ ገባኝ። በል አሁን፣ ቤታችን የምንገባው መቼ ነው?»

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የወንድማቸውን ልጅ አዩ፣ ጭሱን አዩ።

«አላውቅም» አሉ።

ባለቤታቸው ሳቁና ክንዳቸውን ያዙ።