ውኃ ተከትሎ የገባው ጎረቤቴ

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ አቶ ይድነቃቸው ኃይለጊዮርጊስ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ ገበሬ (ቀድሞ የማተሚያ ቤት አራሚ)
አድራሻ፦ የካ ክፍለ ከተማ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ፣ የቤት ቁጥር አዲስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የጠፋ ሰው

ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተገለጸው እኔ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የቤት ቁጥሬ «አዲስ» ቢባልም ቤቱን የሠሩት አያቴ ናቸው። የጠፋው ሰው ከአጥር ወዲያ ያለ ጎረቤቴ፣ የወይዘሮ በለጡ ባለቤት ነው። ስሙ በመዝገቡ ላይ ስላለ ከእኔ አፍ እንዳይጻፍ ጠይቄአለሁ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እገልጻለሁ።

ዘንድሮ በልግ የሚባል አልነበረም። ሰኔ ላይ ጥቂት ዘንቦ አታለለንና ገብስ ዘራን፤ ከዚያ ወዲያ ሐምሌን ሙሉ ሰማዩ እንደ ጥቅምት ጠራ። ሬዲዮው ዝናቡ «ከመደበኛው በታች» ነው ይል ነበር፤ መደበኛው የቱ እንደነበር ከሚያስታውሱት መካከል በመንደሩ የቀረነው እኔና ጎረቤቴ ነን። አባቶቻችን የጠጡት ምንጭም ደርቋል። ጎረቤቴ ግን ምንጩን ከበላዩ ያለው ባህር ዛፍ ጠጣው እንጂ አልሞተም ባይ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ገብርኤል ማግስት በምንጩ አፍ በኩል ጠባብ ዋሻ እየቆፈረ፣ የዛፍ ሥር እየቆረጠ ወደ ውስጥ ገባ። ማታ ማታ ይወጣል፤ ሲነጋ ይገባል።

በእኛ ዘንድ ውኃ ተከትሎ የሚቆፍር ሰው በስሙ አይጠራም። ውኃ ስም ከሰማ ይሸሻል ይባላል። ሰውየው ሲፈለግ ከውጭ ድንጋይ በድንጋይ ይመታል፤ እሱም ከውስጥ መትቶ ይመልሳል። ይህን ታምናለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አላምንም፣ ነገር ግን ጠርቼም አላውቅም ብያለሁ።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ጠዋት በለጡ ቁርሱን ይዛ ብትሄድ የዋሻው አፍ ተደርምሶ አገኘችው። እኔም ደረስኩ። አልጮኸችም። ድንጋይ አንስታ መታች፤ ከውስጥ ተመለሰላት። ወዲያው ከፈረሰው አፈር መካከል ውኃ መንጠብጠብ ጀመረ፤ በምሳ ሰዓት ጀሪካን ይሞላ ነበር። ለምን ያኔውኑ አልቆፈራችሁም ተብዬ ስጠየቅ፣ «ሥራ ላይ ነው፣ አትንኩት» ስላለች ነው ብያለሁ። በተጨማሪም ውኃው ወደ እኔ ገብስ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውኃው በየማለዳው የባህር ዛፍ ሥር ይዞ ይወጣል። በስለት የተቆረጠ ነው፤ ቁርጡም ገና ነጭ ነው። በለጡ እየለቀመች፣ አድርቃ ታነድደዋለች። ድንጋይም ትመታለች፤ መልስ ይመጣል፤ ግን ከቀን ወደ ቀን እየራቀ። ምን እየበላ ነው ብዬ ብጠይቃት፣ «ፍልሰታ አይደል እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ልጃቸው ጵርስቅላ ሲ.ኤም.ሲ ትኖራለች፤ ባንክ ትሠራለች። ትናንት እሑድ ልትጠይቃቸው መጥታ አባቷን አጣች። የሆነውን ስንነግራት፣ «አባቴን ቀብራችሁ ገብስ ታጠጣላችሁ?» ብላ ጮኸችብን። እናቷ «ቀስ በይ፣ ይሰማል» አለቻት። ልጅቷ ለፖሊስ ደወለች።

ኢንስፔክተር ዘረሰናይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሰዓት በኋላ መጡ። ስሙን እንዳይጠሩ ነገርናቸው። «እናቴ፣ እኛ የምንሠራው በሕግ ነው» ብለው፣ ወደ ፍርስራሹ አጎንብሰው ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብለው ጠሩ። ከውስጥ ድንጋይ አንዴ ተመታ። ውኃው ቀጠነ፣ ቀጠነና ቆመ። በለጡ ባዶ ጀሪካኗን አንስታ፣ «በሉ እንግዲህ ቆፍሩ» አለች።

እስኪመሽ ተቆፈረ። በዋሻው ግራና ቀኝ የተቆረጠ ሥር አለ። መጨረሻው አለት ነው፤ አለቱ ላይ እጅ እንጂ ሰው የማያሳልፍ ስንጥቅ አለ። ሰው የለም። መርማሪው ምንጩ «በድርቁ ምክንያት የቆመ» ተብሎ እንዲጻፍ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ «ከተጠራ በኋላ የቆመ» ተብሎ እንዲታረም አድርጌአለሁ።

ዛሬ ማለዳ ገብሴ መካከል ቆሜ ሳለ ከእግሬ ሥር ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ማሳዬ ከምንጩ ቁልቁል ነው። ስሙ እስከ ጥርሴ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ድንጋይ አንስቼ መታሁ፤ ተመለሰልኝ። ደግሜ መታሁ፤ አሁን እየራቀ ሳይሆን እየቀረበ ነው። ተንበርክኬ አፈሩን ብነካው እርጥብ ነው።

ወደ ጣቢያው የመጣሁት ስለዚህ ነው። ቆፋሪዎቹ አሁኑኑ ወደ ማሳዬ እንዲመጡ፣ አካፋ እንጂ ድምፅ ይዘው እንዳይመጡ አመለክታለሁ። ገብሱ ሊደርስ ምን ቀረው ተብዬ ስጠየቅ፣ እሸት እንኳ አልሆነም፣ ለቁፋሮው ቦታ እንዲለቀቅ ግማሹን አጭጄ ነው የመጣሁት ብያለሁ። የቀረውን በለጡ እያጨደች ነው፤ ማጭዱን በአንድ እጇ፣ ድንጋዩን በሌላው ይዛለች።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ፣ የፊደል ግድፈቱንም በእጄ አርሜ፣ ካየሁትና ከሰማሁት ያልጨመርኩበትና ያላጎደልኩበት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ይድነቃቸው ኃ.
ቃሉን የተቀበለው፦ ኢንስፔክተር ዘረሰናይ (ፊርማ)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቆፋሪዎች ወዲያውኑ ተልከዋል። ማንም ስም እንዳይጠራ ታዟል።